ተራዋን የጣለችው ሹፌር

ዘይኑ ላትመለስ ነው። የነገረችኝ ታናሽ እህቷ መዲና ናት፤ መናኸሪያው በር ላይ ቲማቲም እየመረጠች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ። «ጅዳ ነው የምቀረው ብላለች። ቤቷን እንድሸጥላት ውክልና ልካልኛለች» አለችና ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች። ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ መጨቃጨቅ ስትጀምር ትቻት ገባሁ።

ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ሹፌሮቹ ግንቡ ጥላ ሥር ተኮልኩለው ጫት ይቀነጥሳሉ፤ የሚያወሩት ስለ ዘይኑ ነው። «ሸጋ ሴት እኮ ናት» ይላል አንዱ። «መሪ እንደሷ የሚይዝ ወንድም የለ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ «አላህ ባለችበት ያግራላት» አለ። ቆሜ አየኋቸው። አምና አዳራሽ ውስጥ ጫማቸውን ሲያዩ የዋሉት እነዚሁ ናቸው። እዚያው ፊታቸው ላይ ሊያስመልሰኝ ትንሽ ነው የቀረው።

ስለዚህ እኔ ዘይኑን እንደነበረች እጽፋታለሁ እንጂ ሸጋ አላደርጋትም።

ተሳዳቢ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ አገጯ ሹል የሆነ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት፤ ጥቁር ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስርና መሪው ላይ ስትቀመጥ ሰው ልትገርፍ የተነሳች ትመስላለች። ከሐይቅ ውጫሌ የምትመላለስ ነጭ ሚኒባስ ነበረቻት። ከአሥር ዓመት በላይ ጅዳ የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ ያተረፈችው ያቺን መኪናና ሁለት ክፍል ቤት ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ረዳት እንኳ የላት። ቀጥራ ነበር፤ ሁሉንም አባረረቻቸው። አንዱ ብብቱ ይሸታል። አንዱ ተሳፋሪው ጆሮ ሥር ያፏጫል። አንዱ ደግሞ ብር ሲቆጥር ጣቱን ምላሱ ላይ ያስነካል። «ምራቁን እየቀባ የሚያመጣልኝን ብር በየትኛው እጄ ልቀበለው?» አለች፤ በቃ፣ ከውጫሌ ሲመለሱ ልጁን መንገድ ላይ አውርዳው መጣች።

«ይቀፈኛል» ነበር ቃሏ። ጠዋት ከመኪናዋ ስትወርድ ትጀምራለች። መሬት ላይ የተተፋ የጫት ገረባ ይቀፋታል። እጁን ሳይታጠብ ዳቦ የሚሸጥ ሰው ይቀፋታል። ስልኩን ጮክ አድርጎ እየተሳደበ የሚያወራ ይቀፋታል። ምንም ነገር ስትሰጧት መጀመሪያ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች፤ ብር ይሁን፣ ብርቱካን ይሁን፣ የመኪና ጎማ ክዳን ይሁን። ሹፌሮቹ በሌለችበት «ቀፋፊዋ» ይሏት ነበር። ታውቅ ነበር። «አዎ፣ የምቀፋቸው እነሱ ታጥበው ስለማያውቁ ነው» ትላለች።

እኔን ደግሞ «አንቺ ማሽን» ነበር የምትለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ውስጥ ከሁሉም ጋር እየተናከስኩ በተቀመጥኩበት ጊዜ መናኸሪያችን ዘመናዊ ሊሆን ነው ተባለና ትኬት ቆራጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመንግሥትና የግል አጋርነት ይሉታል። እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከመንግሥት በኩል የመጡት ሰዎች መናኸሪያውንና መስመሩን ይሰጣሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው ካምፓኒ ደግሞ መኪኖቹ የት እንደደረሱ የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን፣ በየመኪናው የሚገጠም መከታተያና የትኬት ማሽን ያመጣል። ይህን ሁሉ ዕቃ ማን ይከፍለዋል? ባለመኪኖቹ። ከእያንዳንዱ ትኬት እየተቆረጠ፣ ለዓመታት። መኪኖቹ በቀን ሊሄዱት ከተፈረመው ጉዞ የጎደለ ካለ ደግሞ ጉድለቱን ማኅበሩ ተከፋፍሎ ይሞላል። መንገድ ቢዘጋም ይሞላል፤ ጎርፍ ድልድይ ቢወስድም ይሞላል። ካምፓኒው ላይ ግን ምንም አይጎድልም። ተጋርተን እንሠራለን አሉን። መጋራት እንዲህ ከሆነ እኔም ከሰው ጋር ምሳ መጋራት እችላለሁ፤ እሱ ይከፍላል፣ እኔ እበላለሁ።

የካምፓኒው ተጠሪ ሱራፌል ይባላል፤ ሁሉም «ኢንጂነር» ነበር የሚለው። ጨዋ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ሸሚዙ ንጹህ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከወገቡ ጎንበስ የሚል። «አብሽሩ» ማለት ከእኛ በአንድ ሳምንት ተማረ። ሹፌሮቹን ሁሉ እየዞረ ይጨብጥና መኪናው ውስጥ ገብቶ እጁን በአልኮል ይጠርጋል። በመስኮቴ በኩል አየዋለሁ። ዘይኑም አይታው ኖሯል። በሌላ ቀን እጁን ሲዘረጋላት ጨበጠችውና እዚያው ፊቱ ቆማ ሽቶዋን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፏ ላይ ሁለት ጊዜ ነፋችበት።

«ይቅርታ ኢንጂነር» አለችው፣ «አንተ መኪና ውስጥ ነው የምታደርገው፤ የኔ መኪና ሩቅ ቆማብኝ ነው።»

ፊቱ ደም መሰለ። እኔ ማሽኔ ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ።

ውሉ የተፈረመ ለት የሆነውን ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። የባለመኪኖች ማኅበር ሰብሳቢ አያ እንድሪስ ነው። የቅሬያችንም ዳኛ እሱ ነው። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልልም። ቅሬ ሌላ አገር ዕድር የሚሉት ነው፤ እኛ ጋ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ይቀባበርበታል። መናኸሪያችን ውስጥ ደግሞ የቆየ ደንብ አለ። ሰው ሞቶ የቅሬ ጥሪ ሲመጣ፣ ተራው የደረሰ መኪና ማንም ይሁን ማን ተራውን ይጥላል። የጫነውን ሰው ያወርድና መስታወቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ለቀስተኛ ይወስዳል። ሒሳብ አይጠየቅም። ሲመለስ ከፊት ይገባል፣ ማንም «ተራዬን ወሰድክ» አይለውም። ይህ የትም አልተጻፈም። ማን ይጽፈዋል?

ኢንጂነሩ ውሉን አንብቦ ሲጨርስ አያ እንድሪስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «የቅሬ መኪናስ?»

«አብሽሩ አባቴ፣ ሲስተሙ ለሰው ነው የተሠራው» አለው ኢንጂነሩ።

ከዚያ አያ እንድሪስ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ የቅሬ መኪና እንዳይነካ፣ መስመሩ እንዲሰላ፣ አማናውን፣ አደራውን የበላ እንዳይበረክትለት። ኢንጂነሩም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ ከሁላችን ጋር «አሚን» አለ። እኛ ሰፈር ሰው በዱዓ ላይ አሚን ካለ ነገሩ አለቀ። ፈርሟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አምጣና እዚህ ላይ ጻፍልኝ ማለት ነውር ነው፤ ዱዓውን ማርከስ ነው። ስለዚህ ማንም አላለም። ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ሳትጨመር ሁሉም ተራ በተራ ፈረሙ። ዘይኑም ወረቀቱን አሽትታ ፈረመች። ባትፈርም መኪናዋ መውጫ አታገኝም ነበር።

ምርቃቱ የግሸን ተጓዥ በሚበዛበት በመስከረም ሆነ። ስክሪኑ ባዶ እንዳይታይ መኪኖቹን ሰው ሳይጭኑ እስከ ከተማው ጫፍ እየወጡ እንዲመለሱ አደረጓቸው። ነዳጁ የራሳቸው። ታርጋቸው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ «እየደረሰ ነው» ይላል፤ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። አንዲት አሮጊት የስክሪኑን ወሬ እውነት ብላ ውጫሌ የሚሄደውን መኪና ደጅ ቆማ ትጠብቃለች፤ መኪናው ባዶውን መጥቶ ባዶውን ይሄዳል። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ሥጋ ተበላ። ከእንግዶቹ አንዱ የሚጠርግበት ቢያጣ ጣቱን በተሰቀለው ባነር ጠረገ፤ «አጋርነት» ከሚለው ጽሑፍ ላይ ጮማው ሲያብለጨልጭ ዋለ። ያንን ባነር በማግስቱ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቅባቱ እስካሁን እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ዘይኑን ከስደት ተመላሽ ባለሀብት ብለው ካሜራ ፊት አቁመዋት ነበር። «ዘመናዊው አሠራር ምን ለወጠልሽ?» ሲሏት ትንሽ አሰብ አደረገችና «ጅዳ እያለሁ ማዳሜ ወጥ ቤት ውስጥ ካሜራ ሰቅላ ነበር። አሁን በራሴ ገንዘብ ተሰቀለልኝ» አለች። ቆርጠው ጣሉት።

በዚያው ሳምንት አንዲት የግሸን ተመላሽ ባልቴት የዘይኑ መኪና ውስጥ አስመለሱ። እኔም ውጫሌ ማሽን ላደርስ ሄጄ በዚያው መኪና እየተመለስኩ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፣ አንዱም «ምነው እማማ፣ ፌስታል አይያዝም?» አለ። እኔ ዘይኑ ሴትዮዋን ገደል ትወረውራለች ብዬ ፈራሁ። መኪናውን ጥግ አስያዘች። ወርዳ መጣችና የባልቴቷን ግንባር በመዳፏ ደግፋ እስኪጨርሱ ያዘቻቸው። በራሷ ሻሽ ጠረገቻቸው። ወለሉን በእጇ፣ በባዶ እጇ አጸዳች። ያን አፍንጫውን የያዘውን ሰውዬ ደግሞ «ውረድ፣ ውሃ ቀድተህ ና» አለችው፤ ወረደ።

ሐይቅ ስንገባ ጠየቅኋት። «አልቀፈፈሽም?»

«ምኑ?»

«ትውከቱ።»

«ሆዳቸው ነው የታመመ። ሆድ ይቀፋል እንዴ?» መኪናዋን አቆመችና እጇን በሳሙና ስትታጠብ ቆየች። ከዚያ እኔን ሳታይ አወራች። «ጅዳ ማዳሜ እንግዳ ሲመጣ ‹እንደ ልጄ ናት› ትለኝ ነበር። ትከሻዬን ታቅፈኛለች። እንግዳው ሲሄድ ማንኪያዬን ከነሱ ማንኪያ ለይታ መታጠቢያ ቤት ታስቀምጠዋለች። አንቺ ማሽን፣ ማንኪያው አልቀፈፈኝም ወላሂ። መታጠቢያ ቤት ይቀመጥ። ያ ‹እንደ ልጄ› ነው ሌሊት ሌሊት ሲያስመልሰኝ የነበረው።»

ከዚያ በኋላ ነው ሐሊማ የመጣችው። ሐሊማ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረች፣ ከአርዲቦ በኩል የሆነች ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ላይ ትታ በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ሄዳ ነበር። በሳጥን ተመለሰች። ምን ሆና እንደሞተች ለአባቷ ለአያ ይማም የነገራቸው የለም።

ያን ቀን ተራው የዘይኑ ነበር። ሞልታ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ልትነሳ ስትል አያ እንድሪስ ራሱ በትሩን እያንኳኳ መጣ። ጮክ ብሎ፣ ሁላችን እየሰማነው፣ «ዘይኑ፣ ተራሽን ጣይ። የቅሬ ነው» አላት። ሞተሩን አጠፋች። ተሳፋሪዎቹም ሳያጉረመርሙ ወረዱ፤ ደንቡን ያውቁታል። ነጩን ጨርቅ መስታወቷ ላይ አሰረች፣ ሴቶቹን አሳፈረች። እኔም መስኮቴን ዘግቼ ገባሁ። ሳጥኑ በሌላ መኪና ከፊታችን ነበር።

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ አርዲቦ ስንታጠፍ መከታተያው አፍ አወጣ። ቀድሞ የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ማር የመሰለች። «ከመስመር ወጥተዋል። እባክዎ ወደ መስመርዎ ይመለሱ።» ትንሽ ትቆይና እንደገና። ሴቶቹ እያለቀሱ ነው፤ እሷ መሃል እየገባች «ከመስመር ወጥተዋል።» ዕቃው የታሸገ ስለሆነ ማጥፊያ የለውም። ዘይኑ በጡጫ መታችው፣ አልዘጋም። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አውልቃ ዕቃውን ጠቀለለችበት፤ ከነጠላው ውስጥም ይሰማል። መቃብሩ አጠገብ መኪናዋን አቁማ ሞተሩን ብታጠፋም በራሱ ባትሪ ይሠራ ኖሮ ዝም አላለም። ወንዶቹ ሰግደው ጨርሰው አፈር ሲመልሱ፣ ዝም ሲባል፣ ያቺ ድምፅ ከመኪናው ትመጣለች።

አንድ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ አጠገባችን ቆመው ነበር። «ማናት እሷ?» አሉ።

«መኪናዋ ናት፣ አያ» አለቻቸው ዘይኑ።

«ምን ትላለች?»

«ተመለሱ ትላለች።»

ሽማግሌው መቃብሩን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። «እዚህ መጥቶ የሚመለስ አለና ነው?» አሉ።

ከሰዓት ሐይቅ ስንደርስ የመናኸሪያው በር አልከፈት አለን። ስክሪኑ ላይ የዘይኑ ታርጋ በቀይ ወጥቷል። «ታግዷል» ይላል። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ። «ቀፋፊዋ፣ ማሽኑንም ቀፈፍሽው መሰል» እያሉ ያሾፉ ነበር። አያ እንድሪስም «አሚን ብሏል እኮ፣ አብሽሪ፣ ነገ ይፈቱልሻል» አላት። ነገ አልተፈታም። በወሩ መጨረሻ የዘይኑ መኪና የቆመችበት ጉዞ ሁሉ ተደምሮ፣ ለአባላቱ ተከፋፍሎ ከየሒሳባቸው ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቁ ቀረ። ሰላምታም ቀረ። የካምፓኒው ውል ከእያንዳንዱ ኪስ እየወሰደ ሳለ እነሱ ጥርሳቸውን ያፋጩት ደጅ በቆመችው መኪና ላይ ነው። ይህን ሳይ ነው እኔም ዘይኑ እንደምትለው መናገር የጀመርኩት። ይቀፈኛል።

ዘይኑ መኪናዋን በየቀኑ ከበሩ ውጭ አምጥታ ታቆማለች፣ ታጥባለች፣ ትቀመጣለች። መኪናዋ ካልሠራች የምትበላው እንደሌላት ሁላችን እናውቃለን። ስትከሳ እናያለን። «ለምን ሌላ መስመር አትሞክሪም?» አልኳት። «ሁሉም ቦታ ያው ስክሪን ነው። ታፔላዬን ደግሞ ወስደውታል» አለችኝ። ታፔላ መስመሩ የሚጻፍበት ጣሪያ ላይ ያለው ነው፤ ያለሱ ማንም መኪና ሰው አይጭንም።

በመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ውስጥ ባለመኪኖቹ ሁሉ፣ ከመንግሥት በኩል ሁለት ሰዎች፣ ኢንጂነሩ፣ አያ እንድሪስ ነበሩ። እኔ የትኬት መዝገቡን እንዳስረዳ ተጠርቼ ጥግ ቆሜያለሁ። አያ ይማምም መጥተዋል። ማንም አልጠራቸውም፤ ለዘይኑ ሊመሰክሩላት ከአርዲቦ በእግራቸው መጥተው የመጨረሻው ወንበር ላይ በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ኢንጂነሩ አለሳለሰው። «እህቴ ዘይነባ፣ እኛ ማንንም ለመቅጣት አይደለም። ሲስተሙ ነው ያገደሽ፤ ሲስተሙ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል።»

«የቅሬ ጥሪ ነበር» አለች ዘይኑ። «አንተም አሚን ብለሃል።»

«እኔ አሚን ያልኩት ለባህላችሁ ካለኝ ክብር ነው። ውሉ ላይ የለም።» ወደ አያ እንድሪስ ዞረ። «አባቴ፣ ማኅበሩ ነው እንድትወጣ ያዘዛት?»

አያ እንድሪስ መቁጠሪያውን በጣቱ ያዞራል። ሁለት መኪኖች አሉት፣ ሁለቱም ውሉ ውስጥ ናቸው። አዎ ቢል ጥፋቱ የማኅበሩ ይሆናል፤ የሱም ይሆናል። ወለሉን እያየ፣ «ጣይ አላልኳትም። ብትችይ ነው ያልኩት» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ያ ቀን መናኸሪያ ያልነበረ ሹፌር አልነበረም። «ተራሽን ጣይ» ሲላት ሁሉም ሰምቷል። አንድ ሰው አልሳለም። ጫማቸውን ነው የሚያዩት። እኔ ግን «ብለዋታል፣ ሰምቻለሁ» አልኩ፤ ከመንግሥት በኩል ከመጡት አንዱ «አንቺ ስትጠየቂ ነው» አለኝ።

ዘይኑ ሳቀች። «አያ እንድሪስ» አለች፣ «እኔም እኮ ችዬ ነው የሄድኩ። ግድ የለም። አንቱ አይጨነቁ።»

ኢንጂነሩ ፋታ አግኝቶ ወረቀት አወጣ። ሌላ ሹፌር እንዳይደግመው አጭር ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ዘይኑ ይህን ታነባለች፣ ዛሬውኑ ይፈታላታል፣ ታፔላዋም ይመለሳል። እጅግ ቀላል ነው አለ። ስልኩን አነጣጠረባት። ዘይኑ ወረቀቱን ተቀበለች። ልታነበው ነበር፤ ይህን እመሰክራለሁ። መኪናዋን ትፈልጋለች። ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

«እኔ ዘይነባ፣ በተጠቀሰው ቀን ያለ በቂ ምክንያት...»

እዚያ ላይ ቆመች። ቀና ስትል ዓይኗ አያ ይማም ላይ ወደቀ። የሞተችባቸው ልጅ ናት በቂ ምክንያት ያልሆነችው።

«ቀጥይ» አለ ኢንጂነሩ። «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥይ።»

ዘይኑ ወረቀቱን አወረደችው። አያ ይማም ገባቸው። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«በይው ልጄ» አሏት። «እኔ አልከፋም። ሐሊማም አትከፋም። እንጀራሽ ነው፣ በይው።»

«አያ ይማም፣ ይቀመጡ» አለች።

«በይው እኮ ነው የምልሽ። ቃል ነው። አፈር ለብሳለች፣ ምን ትሆናለች?» ሽማግሌው እንባቸው ጢማቸው ውስጥ እየገባ ይለምኗታል። የገዛ ልጃቸው ቀብር ከንቱ ነበር እንድትል ነው የሚለምኗት። የምትበላውን እንድታገኝ። ያንን ያህል ሰው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ እኚህ ሰውዬ ብቻ ስለ ዘይኑ እንጀራ አሰቡ።

ወረቀቱን በአራት አጠፈችና ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «አልለውም» አለች።

«ለምን? እሳቸውም ፈቅደዋል እኮ።»

«ስለፈቀዱ ነው የማልለው። እሳቸው ባይፈቅዱ ኖሮ እለው ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይቀፈኛል፣ ኢንጂነር። ካልኩት በኋላ በዚህ አፌ እህል አልበላም።»

ወጣች። ከኋላዋ ማንም አልተነሣም። ሰብሳቢው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እንለፍ አለ፤ አለፍን። ቀጣዩ አጀንዳ የስክሪኑ ጥገና ነበር።

ስክሪኑ ዛሬ ጠፍቷል። ኢንጂነሩም ሌላ ከተማ ሌላ ስክሪን ሊያስመርቅ ሄዷል። ቅነሳው ግን አለ፤ ከእያንዳንዱ ትኬት ይቆረጣል፤ ውሉ ገና ዓመታት ይቀሩታል። ተራ የሚጣልበት ቀንም ቀረ። ለቀስተኛ ሲመጣ ሹፌሮቹ መስታወታቸውን ይወለውላሉ፣ ሰዎቹም አልፈው ባጃጅ ይጠይቃሉ። እኔ ሥራውን ትቼ አጥሩ ሥር ሞባይል ቤት ገብቻለሁ።

ዘይኑ መኪናዋን የሸጠችው ለመርሳ ከተማ ሰው ነው። ሲረከባት ከጠዋት ጀምራ ስታጥባት ነበር፤ ወንበሮቹን ነቅላ፣ ሥራቸውን በጥርስ ብሩሽ እየፈገፈገች። ሰውየው «ኧረ ተይው እቴ፣ እኔ አሳጥባታለሁ» ቢላት «አንተማ ታሳጥባታለህ» አለችው። ቁልፉን ስትሰጠው አላለቀሰችም። ለእኔ ግን በኋላ «አሁን እንደገና የሰው ማንኪያ ላጥብ ልሄድ ነው» አለችኝና ሽቶዋን አንገቴ ላይ ነፋችብኝ። ርካሽ ሽቶ ነው። አስነጠሰኝ።

የሄደች ቀን ለደሴ የቆረጥኩላት ትኬት የመጨረሻ ሥራዬ ነበር። ተሳፋሪ ሆና ሰልፍ ያዘች። ሹፌሮቹ እንዳላዩ ሆነው መኪና ሥር ገቡ፣ ስልካቸውን አወጡ። አያ እንድሪስ ያን ቀን ከቤቱ አልወጣም። ትልቁን ሻንጣዋን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከኋላዋ የመጡት አያ ይማም ናቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ ከአርዲቦ ተነሥተው፣ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ። መስኮቴ ሥር ከተቀመጡት ሹፌሮች አንዱ ዝምታው ከብዶት መሰለኝ አፉን ከፈተ።

«አያ ይማም፣ ወዴት ነው ጉዞው?»

«ልሸኝ ነው።»

«ማንን?»

«ዘይኑን።»

«ሻንጣውን እንዲህ ተሸክመው ቀብር አስመሰሉትሳ» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። «ሞተች እንዴ?»

አያ ይማም ሻንጣውን ከትከሻቸው አወረዱ። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን፣ ከዚያ የቀሩትን እያንዳንዳቸውን አዩአቸው።

«እሷስ አልሞተችም» አሉና ሻንጣውን ወደ መኪናው ጣሪያ አቀበሉ።